ከጎንደር አዲስ አበባ በሚደረግ ጉዞ ከምሳ በኋላ የሚመጣውን እንቅልፍና የመንገዱን ብስጭት እንዴት ትቋቋሙታላችሁ?

የአዘዞው ሹፌር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አዘዞ ነው፤ በኤፍኤስአር የጭነት መኪና ከጎንደርና ከደንቢያ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰሊጥ እየጫንኩ ወደ አዲስ አበባ አመላልሳለሁ። የማነሳው ጉዳይ በሥራው ላይ ላሉ ሰዎች አዲስ አይደለም፤ ሆኖም እኛ ሹፌሮች ስንገናኝ በቀልድ ስለምናልፈው፣ በቁም ነገር የሚመልስልኝ ሰው ካገኘሁ ብዬ እዚህ አቅርቤዋለሁ።

ከጎንደር አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ደህና መሆኑ በተሰማ ማግሥት ነጋዴው ሁሉ በአንድ ቀን ካልጫንኩ ስለሚል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መጋዘን በር ላይ ተሰልፈን እንውላለን፤ ጭነቱ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ እኩለ ሌሊት ግድም ነው። ሸራው ተወጥሮ፣ ገመዱ ታስሮ፣ የጭነት ሰነዱ ተፈርሞ ጋቢና ውስጥ ጋደም ስል ለመነሻ የሚቀረኝ ቢበዛ አራት ሰዓት ነው፤ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ሞተር አስነሳለሁ። እስከ ባሕር ዳር ደህና ነኝ፤ ዳንግላን፣ ኮሶበርንና ቡሬንም ያለ ችግር አልፋለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ በልቼ ደምበጫን ሳልፍ ግን፣ ማለትም ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የዓይኔ ቆብ እየከበደ ይመጣል። መስኮት እከፍታለሁ፣ ፊቴን በውኃ እረጫለሁ፣ ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሁሉም ለጥቂት ደቂቃ ያነቁኝና መልሰው ይተዉኛል። ባልደረቦቼ መፍትሔው ጫት ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ልጀምረው አልፈልግም።

በዚህ ላይ የመንገዱ ብስጭት አለ። ከብትና አህያ መንገድ መሙላቱን ለምጄዋለሁ፤ አርሶ አደሩ ሌላ መሄጃ ስለሌለው አልቆጣም። የማልለምደው ሰው አውቆ የሚያደርገውን ነው። መኪና የተበላሸበት ሹፌር ከኋላው ለምልክት ድንጋይ ይደረድራል፤ ጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ትቶት ይሄዳል። አንዳንዱ የጭንቅላት ያህል የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሲመሽ ከአስፋልቱ ቀለም አይለይም። ፊት ለፊት የሚመጣው ረጅም መብራቱን አይቀንስልህም፤ ባጃጁ ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል፤ ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት የሌለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሳታስበው ትዘላለህ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያደክመኝ ደግሞ ስልኩ ነው። ባለ መኪናው፣ ደላላውና ጭነት ተቀባዩ ሦስቱም በየተራ ደውለው «የት ደረስክ?» ይላሉ።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። በልምድም ሆነ በእውቀት፣ እንቅልፍን በትክክል የሚመልስ ነገር ምንድን ነው? ጉዳዩን ለባለ መኪናው፣ ሰነፍ ሳልባል እንዴት ላስረዳው?

የቀድሞ የተሳቢ ሹፌር፣ ማራኪ

ወንድሜ፣ ሁለት አድርገህ ያቀረብከው ድካምና ብስጭት አንድ ጉዳይ ነው። እንቅልፍ ያላነሰው ሹፌር በባጃጁ አይናደድም፤ አልፎት ይሄዳል። የባጃጁ መታጠፍ ሆድህን ማቃጠል ሲጀምር ድካሙ ከብዷል ማለት ነው፤ ዓይንህ ገና ሳይከብድ የሚመጣ የመጀመሪያ ምልክት እሱ ነውና ናቅ አታድርገው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ተሳቢ ስነዳ ኖሬአለሁ፤ የአሰብንም የጅቡቲንም መስመር አውቀዋለሁ። ሊማሊሞን እየወረደ ያንቀላፋ ሹፌር አላጋጠመኝም፤ ገደሉ ራሱ ያነቃል። እንቅልፍ የሚጠብቅህ ሜዳ ላይ ነው። የፎገራን ሜዳ አስበው፤ በአዲስ ዘመንና በወረታ መካከል ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ማርሽ የማትቀይርበት፣ መሪ የማታዞርበት ነው። በተለይ ከአዲስ አበባ ስትመለስ፣ «እንግዲህ ደረስኩ፣ ጎንደር ቀረበች» ብሎ ሰውነትህ ራሱን የሚለቀው እዚያ ነው። ስለ መሄጃው ስትጨነቅ መመለሻውን እንዳትረሳው።

የምመክርህ እንቅልፍ ከመጣ በኋላ መቆሚያ እንዳትፈልግ ነው። ደምበጫ ላይ እንደሚመጣብህ ካወቅክ የምትተኛው ፍኖተ ሰላም ነው፤ እዚያው ምሳ በበላህበት፣ ገና ንቁ ሳለህ። መንገድ ዳር አትቁም፤ ማደያ ግቢ ግባና አስፈቅደህ ጥላ ሥር አቁም። ረዳትህ ጭነቱን እንዲጠብቅ ከተፈለገ እሱም መተኛት አለበት፤ ስለዚህ ከባሕር ዳር እስከ ፍኖተ ሰላም እሱ ይተኛ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ አንተ ተኛ፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም ንቁ ሁኑ። ከሰዓት በኋላ ከጎንህ የሚያንኮራፋ ረዳት አንተንም ይዞህ ይሄዳል፤ ይህን ያየ ያውቀዋል።

አንድ ምልክት ልንገርህ። «አማኑኤልን አልፌዋለሁ ወይስ ገና ነው?» ብለህ ራስህን ከጠየቅክ፣ ከተማውን ያለፍከው በግማሽ እንቅልፍ ነው። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው አትበል፤ ወዲያው ቁም።

ጫቱን አለመጀመርህ ደግ አድርገሃል። ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሌሊት ደግሞ አልጋ ይዘህ ዓይንህ አይከደንም። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሰውን ያለ ቦታው ደፋር ማድረጉ ነው። ኩርባ ላይ ደርቦ የሚያልፈውን ጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ጉንጩ ሙሉ ነው።

የዓባይን በረሃ በተመለከተ፣ ደጀን አድረህ ጠዋት ውረደው። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ያንኑ ያህል መልሰህ ትወጣለህ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጋቢናውን ምድጃ ያደርገዋል፤ ደክሞህ ከሆነ እግርህ ፍሬን ላይ ይበዛል፣ ፍሬኑ ሲግል ደግሞ አይታዘዝህም። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚባለውን የደከመ ሹፌር ያውቀዋል ግን አይፈጽመውም፤ ማርሽ መቀነስ ይሰለቸዋል።

ረጅም መብራት ለማይቀንሰው መልሰህ አታብራበት፤ ሁለት የታወሩ ሹፌሮች ከመሆን በቀር ትርፍ የለውም። ፍጥነትህን ቀንስና ዓይንህን ወደ ቀኙ የአስፋልት ጠርዝ አዙር። ስለ ድንጋዩ የምልህ የለኝም፤ እኔም እስካሁን ያበግነኛል።

የጤና ባለሙያ፣ ጎንደር

ጠያቂው ወንድማችን ጉዳዩን ምሳ ላይ አሳበዋል፤ ምሳው ብቻ አይደለም። የሰው አካል በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ንቃቱ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ምሳ ያልበላ ሰውም ይህ ይደርስበታል፤ ከባድ ምሳ ግን ያባብሰዋል። እርስዎ ደምበጫን የሚያልፉበት ሰዓት በትክክል እዚያ ውስጥ ይወድቃል፤ ሌሊቱን ደግሞ አራት ሰዓት ብቻ ተኝተዋል። ስለዚህ የሚሰማዎት ነገር ስንፍናም በሽታም ላይሆን ይችላል፤ አካልዎ የጎደለውን እንቅልፍ እየጠየቀ ነው።

መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማጮህ የሚሠሩት ለጥቂት ደቂቃ እንደሆነ ራስዎ ደርሰውበታል። አደገኛው ሰው ሳያውቀው ለሦስት ወይም ለአራት ሴኮንድ የሚያሸልብበት ሁኔታ ነው፤ ዓይኑ ተከፍቶም ሊሆን ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአራት ሴኮንድ ከ65 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በዚያ ርቀት ሁሉ መሪው ባለቤት የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ያልተኛ ሰው ምሽት 5 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከ17 ሰዓት ንቃት በኋላ፣ የአእምሮው ፍጥነት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። እርስዎ ጭነት በሚጭኑበት ቀን ይህን ልክ የሚያልፉት ገና መኪናውን ሳያስነሱ ነው።

በመንገድ ላይ ካሉት መፍትሔዎች ከሁሉ የሚሻለው አጭር እንቅልፍና ቡና ሲገናኙ ነው። ቡና ተጠጥቶ ኃይሉ የሚሰማው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቡና ከምታፈላው እህት አቦሉን ብቻ ይቀበሉ፤ ቶናና በረካን ሳይጠብቁ ወዲያው ጋቢና ገብተው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተኙ። ሲነሱ ቡናው ሥራውን ጀምሯል። ከ20 ደቂቃ በላይ ከተኙ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ስለሚገቡ ሲነሱ ራስዎ ይዞርብዎታል፤ ያን ጊዜ እጅና ፊትዎን ታጥበው ጥቂት ሳይራመዱ መሪ አይያዙ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቡና ባይጠጡ ይመረጣል፤ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ይሰርቅዎታል፣ ዕዳው ወደ ነገ ይዞራል። ይህም ቢሆን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያሻግርዎታል እንጂ ያልተኙትን ሌሊት አይተካም።

በጾም ወራት ጉዳዩ ይለያል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሹፌር ምግብ ብቻ ሳይሆን ውኃም ሳይቀምስ ስለሚውል፣ ንቃቱ ዝቅ በሚልበት ሰዓት ላይ ረኃብና የውኃ ጥም ይደረቡበታል። በሃይማኖቱ ጉዳይ መካሪው የነፍስ አባት ነው፤ እኔ የምለው በዚያ ሰሞን ረጅሙ መንዳት ከረፋዱ በፊት ቢያልቅና ከሰዓት በኋላው ቢያጥር የሚል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው መድኃኒቱን ነው። ለጉንፋንና ለአለርጂ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙ አንዳንድ እንክብሎች፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው፣ ያስተኛሉ። ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ፣ ወይም ኮረኮንች ላይ አቧራ ሲበዛ አፍንጫው የሚዘጋበት ሹፌር ይህን ውጦ ከወጣ፣ ቡናውም ዕረፍቱም አይመልሱትም። መድኃኒት ሲገዙ ሹፌር መሆንዎን ይናገሩ፤ የማያስተኛ አማራጭ አለ። በቂ ሌሊት ተኝቶም ቀን ቀን የሚያንቀላፋ፣ ቤተሰቡም «ታንኮራፋለህ፣ ትንፋሽህም ይቋረጣል» የሚለው ሰው ደግሞ ራሱን ያስመርምር፤ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ የሚባል ሕመም አለ፣ ብዙ ጊዜም ከደም ግፊትና ከክብደት መጨመር ጋር ይመጣል።

ባለ መኪና፣ አውቶ ፓርኮ

የሹፌሩን ወገን ሰማን፤ የእኛም ይሰማ። እኔ በየሰዓቱ የምደውለው ሹፌሬን ለማስጨነቅ ሳይሆን ነጋዴው በየግማሽ ሰዓቱ ስለሚደውልልኝ ነው። መኪናው የባንክ ዕዳ አለበት፣ ጎማው በየጊዜው ይወደዳል፣ በተባለው ቀን ያልደረሰ ጭነት ደግሞ ከኪራዩ ይቆረጥበታል። ለኤፍኤስአር ሁለተኛ ሹፌር መቅጠር አያዋጣም። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው «ባለ መኪናው ጨካኝ ነው» ማለት ይቀለዋል።

ሆኖም ሹፌሩ ደክሞት ሳለ ካልነገረኝ እኔ ከጎንደር ሆኜ እንዴት አውቃለሁ? «ደህና ነኝ» ይለኛል፤ አምነዋለሁ። የተገለበጠ መኪና ከአንድ ቀን መዘግየት እንደሚከፋ ለእኔ የሚያስረዳኝ አያስፈልገኝም። እኛ ከሹፌሬ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ስልክ የሚመልሰው ሲቆም ብቻ ነው፤ ወረታ፣ ባሕር ዳር፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ረዳቱ አጭር መልእክት ይልክልኛል፤ ለነጋዴውና ለደላላው እኔ እመልሳለሁ። ቁጥሩን ለደላላ መስጠት አቁሜያለሁ። ጠያቂው ይህን ለባለ መኪናው ያቅርብለት፤ ወጪ የለውምና እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከአራዳ (ሕግ ያጠናሁ)

ባለ መኪናው ወንድሜ ስልኩን በመልካም መንገድ ፈትተውታል፤ የጭነቱን ቀን ግን ዘለሉት። ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሥራ ሰዓት የሚባለውም የተሠራበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም ነው። ስለዚህ ሹፌር በመጋዘን በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅበት ሰዓት «ቁጭ ብሎ ነው የዋለው» ተብሎ እንደ ዕረፍት አይቆጠርም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ የዕለቱ መንዳትም በመደበኛው ከ9 ሰዓት አያልፍም። ከጎንደር 11 ሰዓት የተነሳ ሰው በዚህ ልክ ቢነዳ ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ የመጀመሪያውን ዕረፍት ይወስድ ነበር። በእኛ መንገድ ይህን ቃል በቃል መፈጸም እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ለድርድር መነሻ ግን ይሆናል።

የቤት መኪና የምትነዳ፣ ቀበሌ 18

እኔ ጭነት ባልነዳም ጥምቀት ሰሞንና ለሠርግ ቤተሰብ ይዤ ይህንኑ መንገድ እመላለሳለሁ። በእኔ መኪና ውስጥ ያለው አድካሚ ከውጭ ከሚመጣው ይብሳል፤ ልጆቹ ከኋላ ይጣላሉ፣ አማቴ ደግሞ በየኩርባው «ኧረ ቀስ በይ በማርያም!» ይላሉ፤ በሰዓት 40 እየነዳሁ። ብሰማቸውም አልመልስም፤ መልስ ከሰጠሁ እስከ ዳንግላ አያልቅም። የሚያነቃ ሰው ከጎን ማስቀመጥ ጥሩ ነው የሚባለው የሰውየው ዓይነት ታይቶ ነው። ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ሳይጠየቅ ዝም የሚል፣ ውኃ የሚያቀብልና የሹፌሯን ዓይን አልፎ አልፎ የሚያይ ቢሆን ይበቃል።

የአዘዞው ሹፌር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ መኪና ወንድሜ፣ ስለ ስልኩ የሰጡትን ሐሳብ እንዳለ ወስጄዋለሁ። የሕግ ባለሙያው ያነሱት የጭነት ቀን ግን የጉዳዩ ሥር እንደሆነ የገባኝ ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ ነው። መጋዘን በር ላይ የምውለው ጆንያ ለመቁጠርና ሰነድ ለመፈረም ነው፤ ቆጠራውን ረዳቱ ሊይዘው ይችላል፣ እኔ የምፈለገው ለፊርማና ጭነቱ ሚዛኑን ጠብቆ መደርደሩን ለማየት ነው። ስለዚህ ለባለ መኪናው የማቀርበው ጥያቄ «ዕረፍት ስጠኝ» የሚል አይሆንም፤ ቀን ላይ ቤቴ ገብቼ ልተኛ፣ ጭነቱ ሲገባደድ ልመለስ፣ ለረዳቱ ለቆጠራው ጥቂት ይጨመርለት የሚል ነው። ረዳቱ ከባሕር ዳር በኋላ እንደሚተኛ ስለተመከርኩ እሱም ያን ያህል አይጎዳም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ደጀን ሳድር ጭነቱ ይጠበቅልኛል? ጋቢና ውስጥ ካደርኩ ደግሞ በየድምፁ ስለምባንን እንቅልፉ እንቅልፍ አይሆንልኝም።

የቀድሞ የተሳቢ ሹፌር፣ ማራኪ

አጥር ያለውና ዘበኛ የሚያድርበት ግቢ ሳይመሽ ያዝ፤ ከመሸ በኋላ የምታገኘው የመንገድ ዳር ነው። ሌሎች የጭነት መኪናዎች ካሉበት አጠገብ፣ የኋላህን ወደ ግንብ አስጠግተህ አቁም። ከመተኛትህ በፊት ለዘበኛው ገመዱንና ሸራውን አሳየውና ክፍያውን ጠዋት፣ ሸራው እንዳለ ሆኖ ሲገኝ ስጠው። ረዳትህ ጋቢና ይደር፤ አንተ አልጋ ያዝ። የአልጋ ኪራዩን ከባለ መኪናው ጋር አስቀድመህ ተነጋገርበት፤ ከመንገድ ወጪ ውስጥ እንዲገባ አሁኑኑ ካልተስማማችሁ ማታ ደጀን ደርሰህ ከኪስህ ማውጣት ይከብድህና እንደገና ጋቢና ታድራለህ። ጠዋት ስትነሳ ፍሬኑንና የጎማውን ንፋስ አይተህ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መውረድ ጀምር፤ ፀሐይዋ ሳትከር ጎሃ ጽዮን ቁርስህን ትበላለህ።